ቆጣሪያችንን ማን ነው የሚያነበው?

19 ዓመት የመብራት ቆጣሪ ሳነብ ኖሬያለሁ። አዳማ ውስጥ ያልረገጥኩት ቅያስ ጥቂት ነው። የፍራንኮን ሰፈር በእግሬ አውቀዋለሁ። ገንደ ሀራንም እንደዚያው። የትኛው ግቢ ውሻ እንዳለው፣ የትኛው የቆርቆሮ በር በድንጋይ ካልተንኳኳ እንደማይሰማ፣ የትኛዋ እናት ውሃ ሳላጠጣሽ አትሄጂም እንደምትል እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። የአዳማን ፀሐይ የቀመሰ ያውቀዋል። መጋቢት ላይ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ነፋሱ አቧራውን ፊት ላይ እየረጨ፣ ደብተር ታቅፎ ከግቢ ግቢ መዞር ነው። ልጆች ከሩቅ ሲያዩኝ «ቆጣሪዋ መጣች!» እያሉ ይሮጡ ነበር። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ሰፈር ውስጥ ስሜ ቆጣሪዋ ነው። ስጠራበት ደስ ይለኛል።

ባለፈው የካቲት አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። እማማ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው። እንጀራ ጋግረው ለሆቴሎች ያስረክባሉ። ሳምንት ሙሉ ምጣዳቸው አይቀዘቅዝም።

«ልጄ፣ ነይ እስቲ እይልኝ። ቆጣሪዬን ነቅለው ሌላ ተክለውብኛል» አሉኝ።

አብሬያቸው ሄድኩ። እውነትም የድሮው ቆጣሪ የለም። በቦታው ነጭ ፕላስቲክ ነገር ተሰቅሏል። ትንሽ ስክሪን አለው። ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። እንደ ድሮው የምትዞር ሳህን የለችም። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ነው የተቀየረው። ግቢ ውስጥ የነበረው የተከራይ ልጅ ብቻ ነው። «መኪና ይዘው መጡ፣ ሰቀሉ፣ ሄዱ» አለን። ወረቀት አልሰጡም። «ማን ናችሁ» ያላቸው ሰው አልነበረም። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። የድሮው ቆጣሪ ሲነሳ ስንት ላይ እንደነበር የሚያውቅ ሰው በግቢው የለም።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ስንሠራ፣ ቆጣሪ ሲነሳ የመጨረሻው ንባብ በወረቀት ይሰፍር ነበር። ደንበኛው አይቶ ይፈርማል። የሚቀጥለው ቢል የሚሰላው ከዚያ ቁጥር ተነስቶ ነው። ቁጥሩ ከሌለ ደንበኛው የሚከራከርበት ነገር የለውም። የተባለውን መክፈል ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ምጣድ ለሚያነዱ ሴት ይህ የወር ገቢያቸው ጉዳይ ነው።

በዚያ ሳምንት ብቻ በእኛና በቀጣዩ ቅያስ 14 ቤት ተቀየረ። ከዚያ ወሬው ተነሳ።

መጀመሪያ የተነሳው ስለ ቁጥር አልነበረም። ስለ ጨረር ነበር። አዲሱ ቆጣሪ ንባቡን በአየር ነው የሚልከው ተባለ። እንደ ስልክ ማለት ነው። ሰው ሳይመጣ፣ በር ሳይንኳኳ፣ ቁጥሩ ቢሮ ይደርሳል። አንዱ ልጅ ቲክቶክ ላይ ያየውን አመጣ። ካንሰር ያመጣል። እንቅልፍ ይነሳል። ውጭ አገር ሕዝብ ሰልፍ ወጥቶበታል። ማታ ቡና ላይ የተቀመጥን ሴቶች ሁላችንም ተደናገጥን። አንዷ ነፍሰ ጡር ናት። አልጋዋ ቆጣሪው ካለበት ግድግዳ ጋር ተጠግቷል። በዚያው ሌሊት ባሏ አልጋውን ወደ ሌላው ጥግ አዞረላት። እኔ አላቃለልኩባትም። ስለሆዷ የምትሰጋ እናት በአክብሮት ነው መልስ የሚገባት።

የእህቴ ልጅ ካሊፎርኒያ ትኖራለች። እሑድ እሑድ በቴሌግራም እንደዋወላለን። «እስቲ እዚያ የሆነውን ፈልጊልኝ» አልኳት። ሦስት እሑድ ሙሉ እያነበበች ተረጎመችልኝ። እኔ ደግሞ በድሮው የንባብ ደብተሬ ጀርባ ላይ ጻፍኩት።

ነገሩ የተጀመረው ባለ ብዙ ሕዝብ ከተማ ውስጥ አይደለም። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ሰሜን ማሪን የሚባል አውራጃ አለ። እዚያ ውስጥ ፌርፋክስ የምትባል፣ ነዋሪዋ 10 ሺህ እንኳ የማይሞላ ትንሽ ከተማ አለች። በ2010 እ.ኤ.አ. የከተማዋ ምክር ቤት አዲሶቹ ገመድ አልባ ቆጣሪዎች እንዳይተከሉ አገደ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በዚሁ አውራጃ፣ ገጠር ቀመስ በሆነች መንደር፣ ነዋሪዎች የተካዮቹን መኪና መንገድ ላይ ቆመው አገዱ። ሁለት ሴቶች ታሰሩ። በጥር 2011 አውራጃው ራሱ ጊዜያዊ እገዳ አወጣ። ሴባስቶፖል የምትባለው ትንሽ ከተማም በ2013 ተከተለች።

ይህን ስሰማ ሁለቱን ሴቶች በዓይነ ሕሊናዬ አየኋቸው። መኪና ፊት መቆም ቀላል አይደለም።

ግን የእህቴ ልጅ ቀጥላ ያነበበችልኝ ነገር ይበልጥ አሳሰበኝ። የትናንሾቹ ከተሞች እገዳ ኃይል አልነበረውም። ኤሌክትሪክን የመቆጣጠር ሥልጣን የክፍለ ግዛቱ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እንጂ የከተማ ምክር ቤት አይደለም ተባለ። ተከላው ቀጠለ። በየካቲት 2012 ግን ኮሚሽኑ አንድ ነገር ወሰነ። አልፈልግም ያለ ደንበኛ የድሮውን ዓይነት ቆጣሪ ይዞ መቆየት ይችላል። ክፍያ አለው። መጀመሪያ 75 ዶላር፣ ከዚያ በየወሩ 10 ዶላር። ዝቅተኛ ገቢ ላለው 10 ዶላርና በየወሩ 5 ዶላር። ቆይቶ የወሩ ክፍያ ከሦስት ዓመት በላይ እንዳይሄድ ተወሰነ። ቨርሞንት የሚባለው ክፍለ ግዛት ደግሞ በዚያው በ2012 ያለ ምንም ክፍያ እምቢ ማለት ይቻላል ብሎ ሕግ አወጣ።

ደብተሬ ላይ ከሁሉም በላይ ያሰመርኩት የካሊፎርኒያዋ ቤከርስፊልድ ነው። በ2009 በዚያች ከተማ አዲስ ቆጣሪ የተተከለላቸው ሰዎች ቢላችን አናት ላይ ወጣ ብለው ጮኹ። ገለልተኛ ባለሙያ ተቀጥሮ ተመረመረ። በ2010 ውጤቱ ሲወጣ፣ ቆጣሪዎቹ በትክክል ይቆጥራሉ ተባለ። በጋው ከወትሮው ሞቃት ነበር። የታሪፍ ጭማሪም ተደርቦ ነበር። ነገር ግን ምርመራው ሌላም ነገር ተናገረ። የኤሌክትሪክ ድርጅቱ ደንበኞቹን በደንብ አላስረዳም። ቅሬታቸውንም በአግባቡ አላስተናገደም። እኔ ይህን ስሰማ እማማ ታዩኝ። ቆጣሪው ትክክል ሊሆን ይችላል። ያለ ወረቀት፣ ባለቤቷ በሌለችበት ግቢ ገብቶ መቀየሩ ግን ትክክል አይሆንም።

የእድራችን የወር ስብሰባ እሑድ ነበር። መዋጮው ከተሰበሰበ በኋላ የእድሩ ዳኛ ጉዳዩን አነሱት። አዳራሹ ሞላ። ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በአፋን ኦሮሞ ነበር የሚናገረው። እኛ ሰፈር ሁለቱንም የማይሰማ ጥቂት ነው፤ ላልገባው ጎኑ ያለው ይነግረዋል።

አንድ ጎልማሳ ተነስቶ «ዛሬውኑ እንንቀለው» አለ። ብዙ ሰው አጨበጨበ። እኔ እጄን አወጣሁ። ቆጣሪ መንቀል ሞት ነው አልኩ። ከምሰሶ የሚመጣው ሽቦ ብሬከር የለውም፤ ቤት ውስጥ ያለውን ብትዘጉትም እሱ አይጠፋም። በሥራ ዘመኔ ቆጣሪ ለመነካካት ሞክሮ እጁ የተቃጠለ ልጅ አይቻለሁ። ደግሞም ወንጀል ነው። የእኛ ጥያቄ በአንድ ሰው ጥፋት እንዲበላሽ አልፈልግም አልኩ።

ከዚያ ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪካል ምህንድስና የተመረቀው የጎረቤታችን ልጅ ስለ ጨረሩ ተናገረ። ተረጋግቶ፣ በቀላል ቋንቋ አስረዳን። የሬዲዮ ሞገድ ከምንጩ በራቅህ ቁጥር በፍጥነት ይዳከማል አለ። ከአንድ ሜትር ወደ ሁለት ሜትር ብትርቅ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሦስት ሜትር ላይ አንድ ዘጠነኛው ብቻ ይቀራል። ቆጣሪው ደግሞ ቀኑን ሙሉ አያወራም። ቁጥሩን ለአፍታ ይልክና ዝም ይላል። ስልካችንን ግን ጆሯችን ላይ ለጥፈን ሰዓት ሙሉ እናወራበታለን። ካሊፎርኒያ ውስጥ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ምክር ቤቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አይቶ፣ ከእነዚህ ቆጣሪዎች የሚወጣው ሞገድ ከሞባይል ስልክ እጅግ ያነሰ ነው ብሏል።

አንዱ «የዓለም ጤና ድርጅት ካንሰር ያመጣል ብሏል» አለ። ልጁ አልዘለለውም። የድርጅቱ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በግንቦት 2011 የሬዲዮ ሞገድን «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚለው ምድብ ውስጥ አስገብቷል፣ እውነት ነው አለ። ያ ምድብ ግን ማስረጃው ውስን ነው ማለት ነው። ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አይናገርም። ከሙሉ የእሬት ቅጠል የሚወጣው ጭማቂም በኋላ እዚያው ምድብ ገብቷል። እማማ «እሬት? ጓሮዬ ያለው?» አሉ። «አዎ እማማ» አላቸው።

ነፍሰ ጡሯ ልጅ ጎኔ ተቀምጣ ነበር። ትከሻዋ ትንሽ ሲላላ አየሁ። እኔም ተነፈስኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ጨረሩን ይዘን ብንሄድ ኖሮ እንሸነፍ ነበር። ቢሮ ያለው ባለሙያ በአምስት ደቂቃ አስረድቶ ይመልሰን ነበር፤ ልክም ነበር። ያኔ እውነተኛው ጥያቄያችን አብሮ ይቀበራል። የካሊፎርኒያዎቹ ሰዎች ታሪክ ውስጥ እኔ የወደድኩት የሞገዱን ክርክር አይደለም። «ቤታችን ላይ የሚሰቀለውን ነገር ሳትጠይቁን አትስቀሉ» ማለታቸውን ነው።

ታዲያ እውነተኛው ጥያቄ ምንድን ነው? እኔ ከቆጣሪ ጋር ከኖርኩበት ልንገራችሁ።

የድሮው ቆጣሪ ውስጥ የምትዞር ቀጭን የአሉሚኒየም ሳህን አለች። ጠርዟ ላይ ምልክት አለ። አንባቢ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚጽፈው፤ ዓይኑ ግን ሳህኗን ያያል። ቀስ ብላ ስትዞር ቤት ውስጥ አምፖልና ሬዲዮ ብቻ ነው። ፍሪጅ ሲነሳ ትንሽ ፈጠን ትላለች። ምጣድ ከተጣደ ግን ምልክቱን በዓይን መከተል ያስቸግራል። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል። እኔ በር ላይ ቆሜ፣ ወደ ኩሽና ሳልገባ፣ ማን እየጋገረ እንደሆነ አውቅ ነበር። የማን ቤት ተዘግቶ እንደከረመ አውቅ ነበር። ከየት ወር ጀምሮ በአንድ ግቢ ሰው እንደበዛ፣ ከየት ወር ጀምሮ አንዲት ሴት ብቻዋን እንደቀረች ከቁጥሩ አየዋለሁ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የሰው ገመና ነው።

ይህን ሁሉ የማየው በወር አንዴ ነበር። በወር አንድ ቁጥር። አዲሶቹ ቆጣሪዎች በየ15 ደቂቃው መመዝገብ የሚችሉ ናቸው። በቀን 96 ቁጥር፣ በወር 2,880 ቁጥር ማለት ነው። በወር አንድ ቁጥር እኔን ያን ያህል ከነገረኝ፣ 2,880 ቁጥር ምን ይናገራል? እማማ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተው ምጣድ እንደሚያበሩ ይናገራል። እሑድ ጠዋት ቤታቸው ባዶ እንደሆነ ይናገራል። ለሱባኤ ሁለት ሳምንት ሲሄዱ ይናገራል። ሌባ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ይህ የእኔ ፍርሃት ብቻ አይደለም። ጆርጅ ሃርት የሚባል ኤም አይ ቲ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ ነገር አሳይቷል። የቤቱን ዋና መስመር ብቻ በማየት ውስጥ የትኛው ዕቃ እንደበራና እንደጠፋ መለየት ይቻላል። እሱ ራሱ በ1989 ይህ ዘዴ ሰውን ለመሰለል ሊውል እንደሚችል ጽፎ አስጠንቅቋል። ቆጣሪዎቹ ገና በየቤቱ ሳይሰቀሉ ነው ያስጠነቀቀው። ኔዘርላንድስ ውስጥ የላይኛው ምክር ቤት በ2009 ቆጣሪውን በግዴታ መትከልን ውድቅ ያደረገው በዚሁ በግል ሕይወት ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ኔፐርቪል በምትባል ከተማ ነዋሪዎች ተደራጅተው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ። በ2018 እ.ኤ.አ. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በየ15 ደቂቃው ንባብ መሰብሰብ በሕገ መንግሥቱ ዓይን ቤት እንደ መፈተሽ ይቆጠራል አለ። ፍተሻው ተገቢ ነው ብሎ ለከተማዋ ፈረደ እንጂ። ነዋሪዎቹ ተረቱ። ግን ያቺ ቃል፣ «ፍተሻ» የምትለው፣ መዝገብ ላይ ቀረች። ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል። አንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብት ይሰጠናል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ። ይህን ያገኘችልን ሕግ የምትማረው የእድሩ ጸሐፊ ልጅ ናት። ስታነብልን አዳራሹ ጸጥ አለ።

እማማም ተናገሩ። ባለቤታቸው ነፍሳቸውን ይማርና ቆቃ ግድብ ሲሠራ የቀን ሠራተኛ ነበሩ። ግድቡ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ገና ወጣት ነበሩ። «እሱ ድንጋይ ተሸክሞ ያመጣው መብራት ነው። እዚያ ማዶ የሚሽከረከረውንም በዓይኔ ሲተከል አይቻለሁ» አሉ። የነፋስ ተርባይኖቹን ማለታቸው ነው። ሁለቱ ጣቢያዎች በአንድ ላይ 136 ተርባይን አላቸው፤ 204 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። «መብራቱ ከዚህ ይወጣል። ለእኛ ለመንገር ነው የከበዳቸው?» አሉ። ማንም መልስ አልነበረውም።

በዚያው ዕለት ለመብራት ኃይል ደብዳቤ ለመጻፍ ተስማማን። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ። አንድ ገጽ ተኩል። «ቆጣሪው ይነሳልን» የሚል ቃል የለበትም። ይህን እኔ ነኝ አጥብቄ የያዝኩት።

ምክንያቱን ልናገር። በሥራዬ ላይ እያለሁ በር ተዘግቶ ሲገኝ በግምት እንጽፍ ነበር። ያለፈውን ወር አይተን ተመሳሳይ ቁጥር እናስገባለን። አንድ ቤተሰብ ነበር። ሁለቱም ሠራተኛ ናቸው፤ ቀን ቤት አይገኙም። አራት ወር በግምት ጻፍኩላቸው። ግምቴ ከእውነቱ በታች ነበር። በአምስተኛው ወር በሩ ተከፍቶ ሳነብ፣ የአራት ወር ክምችት በአንድ ቢል መጣባቸው። ሚስትየዋ በር ላይ ቆማ አለቀሰች። እስከ ዛሬ አልረሳትም። ንባቡን በራሱ የሚልክ ቆጣሪ ቢኖር ያ ልቅሶ አይኖርም ነበር። ስለዚህ ጠላቱ አይደለሁም።

የተከራዮችም ጉዳይ አለ። በእኛ ሰፈር አምስትና ስድስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢ ሞልቷል። ታሪፉ ፍጆታ ሲጨምር ዋጋውም አብሮ የሚወጣ ነው። እኔ በሠራሁበት ዘመን እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ድረስ ዋጋው 27 ሳንቲም ገደማ ነበር። ከ500 በላይ የሆነው 69 ሳንቲም ነበር። ለደሃ ተብሎ የተቀመጠው ዝቅተኛ ዋጋ፣ ደሃው ከአምስት ደሃ ጋር አንድ ቆጣሪ ስለሚጋራ አይደርሰውም። አዲስ ቆጣሪ መምጣቱ ካልቀረ ለየቤቱ ይምጣ የሚል አንድ አንቀጽ ጻፍን። ይህን የጠየቀችው አንዲት በቀን ሥራ የምትተዳደር ተከራይ ናት። በስብሰባው የሰማሁት ምርጥ ሐሳብ የእሷ ነው።

የቀረው ጥያቄ ቀላል ነው። ከመቀየሩ ከአንድ ሳምንት በፊት በወረቀት ይነገረን። የሚመጣው ሰው መታወቂያ ያሳይ። የድሮው ቆጣሪ የመጨረሻ ንባብ ተጽፎ ባለቤቱ ይፈርም፣ ግልባጭ ይሰጠው። ቆጣሪው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመዘግብ፣ ማን እንደሚያየው፣ ስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ፣ ለሌላ አካል ይሰጥ እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽልን። በአየር የሚልከውን አልፈልግም ያለ ሰው በእጅ እንዲነበብለት ይፈቀድ። እዚህ ላይ የካሊፎርኒያውን 75 ዶላር አስታውሼ «ደሃ የማይችለው ክፍያ ሳይጠየቅ» የሚል አስጨመርኩ። ሌላም አንድ መስመር አለ። በእግራቸው የሚያነቡት ልጆች እንጀራ ጉዳይ። እነሱን ቢያንስ ወደ ሌላ ሥራ አሠልጥኑ ብለናል።

በእድራችን 112 አባወራ አለ። 87ቱ ፈረሙ። እናቶች ብዙዎቹ በጣት አሻራ። ፊርማውን የሰበሰብነው እኔና ነፍሰ ጡሯ ልጅ ነን። አራት ቀን ፈጀብን። የድሮ መንገዴን ነው የዞርኩት። በር ሳንኳኳ «ቆጣሪዋ፣ ተመለስሽ እንዴ?» ይሉኛል። ያልፈረሙትን አልተቀየምኳቸውም። አንዳንዱ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ፈራ። አንዱ ደግሞ «ለእኔ ተመችቶኛል፣ ቢሌ ቀንሷል» አለኝ። እሱንም ጻፍኩት።

ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላለስን። መጀመሪያ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። ሁለተኛ ጊዜ ደብዳቤውን ተቀብለው ግልባጩ ላይ ማኅተም መቱልን። የእድሩ ዳኛ ያቺን ወረቀት በፕላስቲክ አስለብጠው አዳራሹ ውስጥ ሰቅለዋታል። በሦስተኛው ግን አንዲት ወጣት ባለሙያ «እኔ ራሴ እመጣለሁ» አለችን። መጣችም። ሚያዝያ ላይ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ከባልደረባዋ ጋር እድር አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተቀመጠች። አንድም ሰው አልጮኸባትም። የመጨረሻው ንባብ ተፈርሞ ግልባጭ እንዲሰጥ ተስማማች። የሳምንት ማስታወቂያውንም ተስማማች። የእማማን የድሮ ቆጣሪ ከመጋዘን አስፈልጋ ቁጥሩን አምጥታላቸዋለች። የተከራዮቹን ጥያቄ ጽፋ ወሰደች። መረጃውን ማን ያየዋል ለሚለው ግን «ከበላይ ጠይቄ በጽሑፍ እመልሳለሁ» ብላናለች። ይህን ስጽፍ ሰኔ 4 ነው። ደብዳቤው አልመጣም። ሰኞ እንደገና እንሄዳለን።

የእኛ ቅያስ ቀሪ ቤቶች ተራ ማክሰኞ ነው። ማስታወቂያው በሁለቱም ቋንቋ በየበሩ ተለጥፏል። እኔ ከተካዮቹ ጋር ከቤት ቤት እዞራለሁ ብያለሁ፤ እሺ ብለውኛል። አዲስ ደብተር ገዝቻለሁ። የራሴን ቆጣሪ ዛሬ ማታ በባትሪ አነበብኩት። 28417። ሳህኗ ቀስ እያለች ትዞራለች። የኮሪደሩ አምፖልና ፍሪጁ ናቸው።

ከዚያ እማማ ጋ ጎራ አልኩ። አዲሱን ቆጣሪ እንዴት እንደሚነበብ ካሳየኋቸው ወር ሆኗል። ቁልፉን ስትጫኑት ስክሪኑ ላይ ቁጥሮች ይፈራረቃሉ። የፍጆታው የትኛው እንደሆነ ነው ማወቅ ያለባችሁ። እማማ ቁጥር የተማሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በየሰኞው ማታ፣ ሊጥ ካቦኩ በኋላ፣ መነጽራቸውን አድርገው ያነቡታል። ከዚያ በከሰል ግድግዳው ላይ ይጽፉታል። አምስት መስመር ደርሷል። ዛሬ ሰኞ ባይሆንም ወደ ግድግዳው ወሰዱኝና የመጨረሻውን ቁጥር በጣታቸው እያሳዩ፣ «ቢሉ ሲመጣ ከዚህ ጋር ነው የማስተያየው» አሉኝ።